አእምሯዊ ሥነ ልቦና፦ አመጣጡ፣ ብርታቱና ጉድለቱ

መግቢያ

ተማሪ እንዴት ይማራል ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ የመማሪያ መጽሐፉን አዘገጃጀት፣ የመምህሩን አቀራረብና የፈተናውን ዓይነት ይወስናል። ስለዚህ የሥነ ልቦና ታሪክ ለመምህርም ሆነ ለሥርዓተ ትምህርት ዐቃጅ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። ይህ ጽሑፍ አእምሯዊ የተባለው አቀራረብ እንዴት እንደ ተነሣ፣ ምን እንዳበረከተና በምን እንደ ተነቀፈ በአጭሩ ይመለከታል። ሌላ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

አመጣጡ

በ1913 አሜሪካዊው ጆን ዋትሰን ሥነ ልቦና ሊያጠና የሚገባው የሚታየውንና የሚለካውን ጠባይ ብቻ ነው ሲሉ ጻፉ። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የበላይነቱን የያዘው ይኸው አስተሳሰብ ነበር። በእንግሊዝ አገር ግን ፍሬድሪክ ባርትሌት በ1932 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ሰው ያነበበውን ተረት ሲደግም እንዳለ እንደማያወጣው፣ ይልቁንም በለመደው ባህል መልክ እንደገና እንደሚሠራው አሳዩ።

ወሳኙ ዓመት 1956 ነበር። ጆርጅ ሚለር ሰው ለአጭር ጊዜ በአእምሮው ሊይዝ የሚችለው ሰባት ያህል ነገር ነው የሚለውን ጽሑፋቸውን ያሳተሙት በዚሁ ዓመት ነው። በዚያው ዓመት በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በተደረገ ስብሰባ አለን ኒዌልና ኸርበርት ሳይመን ስለ ኮምፒዩተር ፕሮግራማቸው፣ ኖአም ቾምስኪም ስለ ሰዋስው ጥናታቸው ገለጻ አደረጉ። ቾምስኪ በ1959 ስኪነር ስለ ቋንቋ የጻፉትን መጽሐፍ አጥብቀው ነቀፉ። በ1960 ሚለርና ጀሮም ብሩነር በሃርቫርድ የጥናት ማዕከል አቋቋሙ፤ በ1967ም ኡልሪክ ናይሰር ለዘርፉ መጠሪያ የሆነውን መጽሐፍ አወጡ።

ብርታቱ

የዚህ አቀራረብ ዋነኛ ብርታት፣ በዓይን የማይታየውን አስተሳሰብ በሙከራ ሊመረመር የሚችል ጉዳይ ማድረጉ ነው። ለምሳሌ 1፣ 8፣ 8፣ 8 የሚሉት አኃዞች ለማያውቃቸው አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የዐድዋ ድል በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1888 መሆኑን ለሚያውቅ ተማሪ ግን አንድ ነገር ብቻ ናቸው። ቀድሞ የተያዘ ዕውቀት የአዲሱን ሸክም ያቀልላል ማለት ነው። ጆን ስዌለር በ1988 ስለ አእምሮ ጫና የጻፉትም ከዚሁ መነሻ የቀጠለ ነው።

ሁለተኛው ብርታት ስሕተትን እንደ ማስረጃ መመልከቱ ነው። ከ52 ላይ 38 ሲቀነስ 26 ይቀራል ብሎ የጻፈ ልጅ ሰነፍ ላይሆን ይችላል፤ በየቤቱ ትንሹን አኃዝ ከትልቁ መቀነስን እንደ ሕግ ይዞ ሊሆን ይችላል። መምህሩ ሕጉን ካላወቀለት ቀይ ምልክቱ ምንም አያስተምረውም።

ጉድለቱ

በሌላ በኩል አእምሮን በኮምፒዩተር መመሰል ስሜትን፣ ፍላጎትንና ማኅበራዊ ኑሮን ወደ ዳር ገፍቷል። ናይሰር ራሳቸው በ1976 የላቦራቶሪው ሥራ ከዕለት ኑሮ መራቁን ነቅፈዋል፤ ብሩነርም በ1990 ጥናቱ ትርጉምን ትቶ መረጃን ብቻ ወደ መከታተል ማዘንበሉን ገልጸዋል። ሰባት የተባለው ቁጥርም ቢሆን ኔልሰን ካዋን በ2001 ባቀረቡት ግምገማ ወደ አራት ገደማ ዝቅ ብሏል።

ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ግን ማይክል ኮልና ባልደረቦቻቸው በ1960ዎቹ በላይቤሪያ ካካሄዱት ጥናት የተገኘው ነው። ትምህርት ቤት ያልገቡ የክፔሌ ሰዎች የቃላት ዝርዝር በማስታወስ ፈተና ዝቅተኛ ውጤት አገኙ፤ አንድ ቁልል ሩዝ ስንት ስፍር እንደሚሆን በመገመት ግን ከአሜሪካውያን በልጠው ተገኙ። የለየያቸው የአእምሮ ማነስ ሳይሆን የተጠየቁት ነገር ለኑሯቸው ቅርብ ወይም ሩቅ መሆኑ ነበር።

ማጠቃለያ

እንግዲህ አእምሯዊው አቀራረብ ተማሪው እንዴት እንደሚያስብ ለመረዳት ጠቃሚ መሣሪያ ነው፤ ስለምንና ለምን እንደሚያስብ ግን ብቻውን አይነግርም። ስለዚህ በፈተና የወደቀ ልጅ አይችልም ተብሎ ከመመዝገቡ በፊት፣ ፈተናው የጠየቀው ልጁ ከሚያውቀው ነገር ምን ያህል የራቀ እንደ ነበር መመርመር የመምህሩም የዐቃጁም ግዴታ ነው።