በስም የተጻፈ የገና ደብዳቤ



በ1994 ዓ. ም. የገና ሰሞን፣ በቀወት ወረዳ ከሸዋ ሮቢት ከተማ ጥቂት ራቅ ብሎ በሚገኝ መንደር የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ አንድ ቀን ማታ ከማሽላው አውድማ ስመለስ እናቴ «ደብዳቤ መጥቶልሃል» አለችኝ። ለአባቴ ደብዳቤ ሲመጣ አይቻለሁ፤ ለልጅ ይጻፋል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር። አጎቴ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ረዳት እጅ ልኮት ኖሮ፣ በፖስታው ላይ «ይድረስ ለ» ከሚለው ቀጥሎ ተጽፎ ያነበብኩት የራሴን ስም ነበር። በውስጡ ያለው ቃል ከስድስት መስመር አይበልጥም፤ ስለ ትምህርቴ ይጠይቃል፤ ስለ ጥጃዬ ይጠይቃል፤ እንኳን አደረሰህ ብሎ ይፈጽማል። አብሮ የተላከልኝ እርሳስ ተቀርጾ ተቀርጾ አልቋል። ፖስታው ግን እስከ ዛሬ ድረስ በእጄ ይገኛል።

ይህን የግል ነገር ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። የዛሬው ንግግሬ፣ ለሕፃናት በየስማቸው የሚጻፍ የገና ደብዳቤ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ማግኛ እንዴት ሊሆን እንደ በቃና ለእኛስ ምን ሊያስተምረን እንደሚችል የሚያስረዳ ነው። የውጭ አገሩን ታሪክ ስናገር የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አድማጮቼ እንዲያስታውሱልኝ እለምናለሁ።

በብሪታንያ በ1884 በሎንዶን ከተማ ተቋቁሞ ኋላ አገር አቀፍ የሆነ፣ በሕፃናት ላይ የሚፈጸመውን ጭካኔ የሚከላከል አንድ ማኅበር አለ። ይህ ማኅበር ገና ሲቃረብ ከወላጆች ትእዛዝ ይቀበላል። ወላጁ የልጁን ስምና ስለ ልጁ ጥቂት ነገር ይገልጻል፤ የፈቀደውንም ገንዘብ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ልጁን በስሙ የሚጠራ፣ «የገና አባት» ጻፈው የተባለ ደብዳቤ በፖስታ ከቤቱ ይደርሳል። ገንዘቡም ደብዳቤው ለደረሰው ልጅ ሳይሆን፣ በገዛ ቤቱ ለሚደበደብ፣ ለሚራብና ለሚጨነቅ ለሌላ ልጅ ጥበቃ ይውላል። በ1986 የተጀመረውና በ2006 ወደዚሁ ማኅበር የተጠቃለለው፣ ልጆች ጭንቀታቸውን በስልክ የሚያሰሙበት አገልግሎት ከሥራዎቹ አንዱ ነው።

የገና አባት የተባለው ሽማግሌ በእኛ ዘንድ እንግዳ ቢሆንም የዘር ሐረጉ የሚመዘዘው ከአንድ ጳጳስ ነው። ይኸውም በአራተኛው መቶ ዓመት በታናሽ እስያ የሜራ ከተማ ጳጳስ የነበረው ቅዱስ ኒቆላዎስ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው፣ አባታቸው ደኽይቶ መከራ ላይ ለወደቁ ለሦስት ልጃገረዶች ወርቅ በሌሊት ጥሎላቸው ሄደ። የኋላ ዘመን ሰዎች ቀይ ካባ ቢያለብሱትም፣ ስጦታው በስውር መሰጠቱ አልቀረም።

በአሜሪካ ልጆች ለዚሁ የገና አባት የሚጽፉት ደብዳቤ ለብዙ ጊዜ ባለቤት እንደሌለው ወረቀት ይቈጠር ነበር። በ1912 የፖስታ ሚኒስትሩ ፍራንክ ሂችኮክ፣ የፖስታ ሠራተኞችና ፈቃደኛ ሰዎች እየከፈቱ መልስ እንዲሰጡ ፈቀዱ። በዚህም የድኾች ልጆች ልመና ሊሰማ ቻለ።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ግን የዴንማርክ ታሪክ ነው። አይናር ሆልቦል የሚባል የፖስታ ቤት ጸሓፊ በ1903 ተራራ የሚያህል የገና ፖስታ ሲለይ ሳለ አንድ አሳብ መጣለት። ከየፖስታው ላይ አንዲት ተጨማሪ ቴምብር ብትለጠፍና ዋጋዋ ለሕሙማን ሕፃናት ቢውል ምን ይሆን ነበር? ንጉሡ ክርስቲያን ዘጠነኛ አሳቡን ወደዱት። በ1904 የንግሥት ሉዊዝ ሥዕል ያለባት ቴምብር ወጥታ በዚያው ዓመት ከአራት ሚሊዮን በላይ ተሸጠች። በተሰበሰበውም ገንዘብ የሳንባ ነቀርሳ የያዛቸው ሕፃናት የሚታከሙበት ቤት በኮልዲንግ ከተማ ተሠራ። ልብ በሉ፤ ይህን ያሰበው ባለጸጋ ወይም ባለሥልጣን ሳይሆን፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ስምና አድራሻ ሲያነብ የሚውል ጸሓፊ ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም እንዲሁ ሆነ። ይትካ ሳምኮቫ የተባለች የሰባት ዓመት የቼኮስሎቫኪያ ልጅ፣ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ለመንደርዋ ላደረገው እርዳታ ምስጋና እንዲሆን ሥዕል ሣለች። ወረቀት ስለ ታጣ የሣለችው በመስተዋት ላይ ነው። ድርጅቱ በ1949 ይህንኑ ሥዕል የመጀመሪያው የመልካም ምኞት ካርድ አድርጎ አሳተመው።

ይህን ስናገር «ፈረንጅ ያላወቀው ነገር የለም» የሚል አሳብ በማንም ልብ እንዲያድር አልሻም። በአገራችን ወንዶች ልጆች ለእንቍጣጣሽ አበባና መላእክት በቀለም እየሣሉ በየቤቱ ያድሉ የለምን? ሥዕሉን የተቀበለውም ሰው ሳንቲም ይሰጣል። በቡሄ የሚጨፍሩት ልጆች የባለቤቱን ስም እየጠሩ ሲያወድሱት ሙልሙሉ ከጓዳ ይወጣል፤ ስሙ ሲጠራ እጁን የማይዘረጋ ባለቤት እምብዛም አይገኝም። በንጉሠ ነገሥቱ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመንም ሕፃናት ለገና ወደ ቤተ መንግሥት እየተጠሩ ስጦታ ይቀበሉ እንደ ነበር፣ በዚያ ዕድሜ የነበሩ ሽማግሌዎች ዛሬም ያወጉናል። ፖስታም ቢሆን ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ. ም. ካቋቋሙት ወዲህ ለእኛ ባዕድ አይደለም።

ይሁን እንጂ የኢትዮጵያ ልጅና የፈረንጆች ገና በሰፊው የተገናኙት በክፉ ቀን ነው። በ1977 ዓ. ም. ድርቁ ወሎንና ትግራይን ብቻ ሳይሆን ሰሜን ሸዋንም በነካበት ዘመን፣ የብሪታንያና የአየርላንድ ዘፋኞች በኅዳር ወር ተሰብስበው ለረኃቡ እርዳታ የሚሆን ዘፈን አስቀረጹ። ርእሱ «ገና መሆኑን ያውቃሉን?» የሚል ነበር። በላሊበላ ቤዛ ኵሉን ሲዘምር ላደገ ሕዝብ ይህ ጥያቄ ፈገግ ማሰኘቱ አልቀረም። ገንዘቡ ነፍስ አድኗልና ዘፋኞቹን አንወቅስም። ነገር ግን ያ ሁሉ ሰው የተለገሰለት ሕፃን በፎቶግራፍ ታይቶ፣ ዐጥንቱ ተቈጥሮ፣ ስሙን የጠየቀው ጥቂት ነው።

ከዚያ ወዲህ ከውጭ አገር ረጂዎች ጋራ በስም እየተጻጻፉ የተማሩ ልጆቻችን ብዙ ናቸው። ይህ መልካም ነገር ነው። እኔን የሚከነክነኝ አንድ ነገር አለ። ልጁ አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፈው ምስጋና ነው፤ ለማያውቀው ሰው፣ በማያውቀው ቋንቋ እየተተረጐመለት፣ በየጊዜው ያመሰግናል። ምስጋና የማይጠይቅ፣ ስለ ጥጃው ብቻ የሚጠይቅ ደብዳቤ የደረሰው ልጅ ስንት ይሆን?

በኅዳር 2014 ዓ. ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ ዘለቀ። ብዙ ቤተሰብ ሸሸ። ከተማው በዚያው ወር መጨረሻ ቢመለስም ገና የደረሰው ከአምስት ሳምንት ያህል በኋላ ነው። በዚያው ገና በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ወደ አገራቸው እንዲመጡ ተጠርተው ነበርና ብዙዎች መጡ፤ ለተጐዱትም ለገሱ። እኔ በዚያ ሰሞን ያሰብኩት ስለ አንድ ወረቀት ነበር። ብርድ ልብስ ለሁሉም በአንድነት ይታደላል፤ እንዲህም መሆኑ ግድ ነው። ደብዳቤ ግን በጅምላ አይታደልም።

እንግዲህ አሳቤ ይህ ነው። በዋሽንግተን ወይም በሎንዶን የሚኖር ወላጅ፣ አማርኛ እየጠፋበት ላለው ልጁ ስሙን የሚጠራ፣ በመልካም የእጅ ጽሕፈት የተጻፈ የአማርኛ የገና ደብዳቤ ከቀወት ቢያዝ፣ ዋጋውን ለማኅበሩ አይከፍልምን? ጸሓፊዎቹ ጡረታ የወጡ መምህራን ይሁኑ፤ የተቸገሩትን ልጆች ለዚህ ሥራ ማስቀመጥ ያንኑ የግዴታ ምስጋና መመለስ ይሆናል። ደብዳቤውም ስለ ገና ጨዋታ፣ ስለ ዱላውና ስለ ሩሩ፣ በማሽላው ማማ ላይ ስለሚወነጨፈው ወንጭፍ ያውራለት። አንድ በታዘዘ ቍጥር ግን ሁለት ይጻፍ። ሁለተኛው እዚያው ቀወት ላለ ልጅ፣ ከደብተርና ከእርሳስ ጋራ፣ በስሙ ይድረስ። የተቀባዩም ስም በጋዜጣ አይውጣ፤ ፎቶግራፉም አይነሣ።

አንድ ጥንቃቄ ብቻ ይቀራል። ይፋት ክርስቲያንና እስላም በአንድ ወንበር ተቀምጠው የሚማሩበት አገር ነው። በእኔ ክፍል ከአጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ የደረሰኝን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ተውሶ አነበበው። እርሱ እስላም ስለ ነበረ፣ የእርሱስ መቼ እንደሚመጣ ጠየቀኝ፤ እኔም አጎት ካለህ በዒድ ይመጣልሃል አልኩት። ስለዚህ ደብዳቤዎቹ ሲታዘዙ ከስሙ ጐን በዓሉም ይመዝገብ፤ ግማሾቹ ለገና፣ ግማሾቹ ለዒድ ይላኩ።