የብስክሌተኛው ስንቅ

የመንገደኛን ፍርሃት ለማወቅ የሻተ ሰው ስንቁን ፈትቶ ይመልከት። ረሃብ የሚያሰጋው በሶና ቋንጣ ይቋጥራል፤ ሽፍታ የሚያሰጋው ዝናሩን ይታጠቃል፤ ጨለማ የሚያሰጋው ኩራዙን አይረሳም። ብስክሌተኛም የራሱ ስንቅ አለው። ከመቀመጫው ሥር በምትንጠለጠል አንዲት አነስተኛ ከረጢት ውስጥ ቋጥሮት የሚዞረው ዕቃ አንድ ነገር ይነግረናል፤ ይኸውም መንገድ ላይ ቢሰበር «ማን ይደርስልኛል» ብሎ እንደሚያስብ ነው። ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው መልስ ከዘመን ዘመን ሲለዋወጥ ኖሯል። እነሆ ታሪኩን እንመልከት።

ነገሩ የሚጀምረው ከአየር ነው። በቤልፋስት ከተማ ይኖር የነበረው ስኮትላንዳዊው የእንስሳት ሐኪም ጆን ቦይድ ደንሎፕ እ.ኤ.አ. በ1888 በአየር የሚነፋውን ጎማ በስሙ ካስመዘገበ በኋላ፣ በደረቅ ጎማ አጥንት ታንገጫግጭ የነበረችው ብስክሌት ለሰውነት ተመቸች፤ ፈጠነችም። ይሁንና የተነፋ ነገር ሁሉ ይተነፍሳልና ድንጋይ ያልበገረውን እግር እሾህ አሸነፈው። የመጀመሪያዎቹ ጎማዎች ከቸርኬው ጋር በማስቲሽ የተጣበቁ ስለነበሩ አንዲት ቀዳዳ ለመድፈን ሰዓታት ይፈጅ ነበር፤ ማስቲሹ እስኪደርቅ ማደርም ግድ ይል ነበር። ፈረንሳውያኑ ወንድማማቾች አንድሬና ኤድዋር ሚሽሊን በ1891 ተፈትቶ የሚገጠም ጎማ አወጡ። በዚያው ዓመት ሻርል ቴሮን ይህንኑ ጎማ ገጥሞ ከፓሪስ እስከ ብሬስት ደርሶ መልስ የተካሄደውን፣ 1200 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን ውድድር አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ ጥገና ከጋራዥ ወጥቶ ወደ መንገድ ዳር ወረደ። ብስክሌተኛውም መጠገኛውን ይዞ መዞር ጀመረ።

የቱር ደ ፍራንስ ውድድር በ1903 ሲጀመር አዘጋጁ «ሎቶ» የተባለው ጋዜጣ፣ መሪውም አንሪ ዴግራንዥ ነበሩ። በዚያ ዘመን የተነሡ ፎቶግራፎችን ያየ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። ጋላቢዎቹ መለዋወጫ ጎማቸውን እንደ አርበኛ ዝናር በትከሻና በደረታቸው ላይ አጣምረው ታጥቀዋል። እነዚያ የእሽቅድድም ጎማዎች ከመነዳሪው በሆዳቸው ውስጥ ሆኖ በክር የተሰፉ ነበሩ። ስለዚህ በስንቁ ውስጥ ከመፍቻው፣ ከእጅ ፓምፑና ከማስቲሹ ሌላ መርፌና ክር ይገኝ ነበር። ጎማው ሲተነፍስ ፈትቶ ከትከሻ ያወረዱትን መግጠም ነው። መለዋወጫው ካለቀ ግን ስፌቱን ተርትሮ፣ ቀዳዳውን ጥፎ፣ በብርድ በደነዘዘ ጣት መልሶ መስፋት ነበር። ዓለም ጀግና ብሎ የሚያደንቀው ሰው መንገድ ዳር ተቀምጦ እንደ ልብስ ሰፊ መርፌውን ይወጋ ነበር።

ይህ ሁሉ ሸክም ያለ ምክንያት አልመጣም። ዴግራንዥ የብስክሌት ኩባንያዎች ገንዘብና መካኒክ ውድድሩን እንዳይወስኑት ይሠጋ ነበር። ማሸነፍ ያለበት ሰውየው እንጂ ፋብሪካው አይደለም ብሎ ያምን ነበር። ስለዚህ ሕጉ «የተሰበረበት ራሱ ይጠግን፤ ማንም አይርዳው» አለ። ሕጉ ሲወለድ የፍትሕ ልጅ ነበር ማለት ነው።

ያ ሕግ የተፈተነው ሐምሌ 9 ቀን 1913 ነው። በዚያ ዓመት ውድድሩ ከነጥብ ወደ ሰዓት ቆጠራ ተመልሶ ስለነበር እያንዳንዷ ደቂቃ ዋጋ ነበራት። ፈረንሳዊው ኤዤን ክሪስቶፍ በጠቅላላው ውጤት ሁለተኛ ሆኖ ከባዮን ወደ ሉሾን ተነሣ። በፒሬኔ ተራሮች ቱርማሌ የተባለውን ከፍታ አልፎ ሲወርድ የፊቱን እግር አቅፎ የሚይዘው መንታ ብረት፣ ፈረንጆቹ «ሹካ» የሚሉት፣ ተሰበረ። መርፌው ምን ይሥራ? ማስቲሹ ምን ይሥራ? ለእንዲህ ያለው ስብራት የሚሆን መሣሪያ በየትኛውም ከረጢት አይገባም። ክሪስቶፍ ብስክሌቱን ተሸክሞ ሳንት ማሪ ደ ካምፓን እስከተባለችው መንደር 10 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ወረደ። እዚያ የአንጥረኛ ቤት አገኘ። በወጣትነቱ የቁልፍ ሠሪነት ሙያ ተምሮ ነበርና ፍሙን አቀጣጥሎ፣ ብረቱን አግሎና ቀጥቅጦ ሹካውን በገዛ እጁ ሠራው። ዳኞቹ ቆመው ያዩ ነበር። የአንጥረኛው ቤት ባለቤት በቃል ቢመክረውም እጁን እንዳይሰነዝር ተከለከለ። ነገር ግን ሰው ሁለት እጅ ብቻ ነው ያለው። አንዱ መቆንጠጫውን፣ አንዱ መዶሻውን ሲይዝ ወናፉን የሚነፋ ጠፋ። አንድ ትንሽ ልጅ ነፋለት።

ለዚህች ወናፍ 10 ደቂቃ ቅጣት ተጻፈበት፤ ኋላም ወደ 3 ደቂቃ ዝቅ ተደረገለት። ክሪስቶፍ በመንገዱና በፍሙ ዳር 4 ሰዓት ገደማ አጥቷልና ቅጣቱ ቀረም ጨመረም ውጤቱን አይለውጥም ነበር። ፓሪስ ሲደርስ ሰባተኛ ወጣ፤ ድሉ የቤልጂጉ ፊሊፕ ቲስ ሆነ።

እኔ እንጀራዬን የምበላው በባንክ ሥራ ነው። ከመስኮት ጀርባ ተቀምጦ ደንብ ማስፈጸም ምን እንደሆነ ስለማውቅ እነዚያን ዳኞች ጨካኞች ብሎ ማለፍ አይሆንልኝም። ለአንዱ የተፈቀደ ለሌላው ካልተፈቀደ ሚዛን የለም። ሆኖም ያ ደንብ ሊከለክል የተወለደው የባለጠጋውን ፋብሪካ እጅ ነበር፤ የያዘው ግን የመንደር ልጅ እጅ ነው። ደንብ ለምን እንደወጣ የረሳ ቀን፣ ከመጣበት ጠላት ይልቅ በአጠገቡ ያገኘውን ንጹሕ ሰው ይቀጣል። የ3 ደቂቃዋ ቁጥር ዛሬም ድረስ የምታሳዝነኝ ስለዚህ ነው።

ክሪስቶፍ በ1919 የውድድሩ የመጀመሪያው ቢጫ ማሊያ ለባሽ ሆነ። ማሊያውን እንደለበሰ፣ ውድድሩ ሊጠናቀቅ ሲቃረብ፣ ቫለንሲየን አጠገብ ሹካው እንደገና ተሰበረና ድሉ ለፊርማን ላምቦ ሄደ። በ1922ም ለሦስተኛ ጊዜ ተሰበረበት። በ1921 ያሸነፈው ቤልጂጋዊው ሊዮን ሲየር ደግሞ የተሰባበረበትን እግር በሌላ ሲተካ፣ አሮጌው ሊጠገን እንደማይችል ለዳኞች ማሳየት ስለነበረበት፣ 300 ኪሎ ሜትር ያህል በጀርባው አዝሎት እንደተጓዘ ይነገርለታል። ስንቅ መሆኑ ቀርቶ ማስረጃ ሆኖ የተሸከሙት ዕቃ ይህ ነው። በ1924 የቀደመው ዓመት አሸናፊ አንሪ ፔሊሲየ ውድድሩን ጥሎ ኩታንስ ከተማ ላይ ወረደ። ምክንያቱ ይዞ የተነሣውን ሁሉ ይዞ መድረስ ግዴታ ስለነበር፣ ለጠዋቱ ብርድ የደረበውን ማሊያ መጣሉን ዳኞች መቁጠራቸው ነው። ጋዜጠኛው አልቤር ሎንድር ይህንኑ ቁጣ በጋዜጣ አወጣው፤ የአንባቢውም ልብ ወደ ጋላቢዎቹ አዘነበለ።

ሕጉ ቀስ በቀስ ላላ። በ1934 የ20 ዓመቱ ወጣት ረኔ ቪየቶ ለቡድኑ መሪ ለአንቶናን ማኝ የፊት እግሩን ፈትቶ ሰጠው፤ በማግሥቱም ሙሉ ብስክሌቱን። ያን ዓመት ማኝ አሸነፈ። እግር በሌላት ብስክሌት አጠገብ የድንጋይ አጥር ላይ ተቀምጦ የሚያለቅሰው የቪየቶ ፎቶግራፍ ግን ከአሸናፊው ስም ይልቅ ይታወሳል። በ1913 ወንጀል የነበረው እርዳታ በ21 ዓመት ውስጥ ክብር ሆነ። ዛሬ ከእሽቅድድሙ ኋላ መለዋወጫ የጫኑ መኪኖች ይከተላሉ። የጋላቢው ትከሻም ባዶ ነው።

መኪና የማይከተለው ተራው ብስክሌተኛ ግን ከረጢቱን አልጣለም። አስተሳሰሩም ጥበብ አለው። ከመነዳሪውን አየሩን ጨርሶ አውጥቶ ያጥፈዋል፤ የመፍቻው ጠርዝ ሳይታሰብ እንዳይበሳውም በጨርቅ ወይም በአሮጌ ካልሲ ይጠቀልለዋል። ቀድሞ የሚፈለገውን ከላይ፣ ከባዱን ከታች ያደርጋል። ማስቲሹ ክዳኑ አንዴ ከተከፈተ ይደርቃልና ያልተከፈተውን ይይዛል። ጎማ መፈልቀቂያ፣ መጣፊያ፣ ብርጭቆ ወረቀት ይጨምራል። ሲጠግንም አዲሱን ከመነዳሪ ከመክተቱ በፊት የጎማውን ውስጥ በጣቱ ይዳብሳል፤ እሾሁ እዚያው ከቀረ አዲሱንም ይበሳዋልና። ጎማው ራሱ ከተተረተረ ደግሞ የብር ኖት አጥፎ ከውስጥ ይደግፍበታል። ቀኑን ሙሉ ኖት ስቆጥር ለምውል ለእኔ ይህ የገንዘብ አገልግሎት ደስ ይለኛል። ሰውን ቤቱ ያደርሳል፤ ወለድም አይጠይቅም።

ወደ እኛ ቋንቋ ስንመለስ የእነዚህ ዕቃዎች ስም ከጣሊያንኛ መጥቶ ቤተኛ ሆኗል። ጎማ፣ ከመነዳሪ፣ ማስቲሽ፣ ቸርኬ፣ ካቻቢቴ። ከመነዳሪ በመጣበት ቋንቋ «የአየር ክፍል» ማለት ነው። ከእነርሱ ጋር አንድ የሰው ስም አብሮ ገብቷል፤ ጎሚስታ። በየመንገዱ ዳር የውኃ ሳፋውን አስቀምጦ፣ ከመነዳሪውን እየነከረ በአረፋው ቀዳዳውን የሚፈልገው ያ ሰው ለዴግራንዥ ሕግ የተሰጠ መልስ ይመስለኛል። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ያው ነገር ነው።

እንግዲህ ብስክሌተኛ ስንቁን ይቋጥር። ራሱን መቻል ክብር ነው፤ ክሪስቶፍንም ከዚያ ተራራ ያወረደው የእጁ ሙያ ነበር። ነገር ግን ሙያውም ከረጢቱም የማይደርሱበት አንድ ስፍራ አለ። ሁለት እጅ ተይዞ ሦስተኛ እጅ የሚፈለግበት ስፍራ ነው። ሳንት ማሪ ደ ካምፓን ዛሬ ለክሪስቶፍ መታሰቢያ አቁማለች። እኔ በበኩሌ ከመታሰቢያው ፊት የመቆም ዕድል ቢገጥመኝ የምሰግደው ለሁለቱም ነው፤ መዶሻውን ለያዘውም፣ ወናፉን ለነፋውም።