ስሙ ሌላ፣ ፊልሙ ሌላ፦ ከስማቸው የራቁ የኬብል ጣቢያዎች

በአሜሪካ የኬብል ቴሌቪዥን ጣቢያ ስም ለተመልካቹ እንደ ውል ይቆጠር ነበር። ኤኤምሲ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1984 ሥራ ሲጀምር መጠሪያው “አሜሪካን ሙቪ ክላሲክስ” ሲሆን፣ የቆዩ የሆሊውድ ፊልሞችን ያለ ማስታወቂያ ያሳይ ነበር። በ2002 ግን አቅጣጫውን ቀየረ። ብዙም ያልቆዩ ፊልሞች፣ ያውም በማስታወቂያ እየተቆራረጡ፣ የጥቁርና ነጭ ሥራዎችን ቦታ ያዙ። ከስሙም ሦስት ፊደላት ብቻ ቀሩ።

ምክንያቱ ገንዘብ ነው። ጣቢያዎች ከደንበኞች ወርሃዊ ክፍያ ከሚደርሳቸው ድርሻ ሌላ የማስታወቂያ ገቢ ይፈልጋሉ፤ አስተዋዋቂዎች ደግሞ ከ18 እስከ 49 ዓመት ላሉ ተመልካቾች የበለጠ ይከፍላሉ። በ1940ዎቹ የተሠራ ፊልም እነዚህን እምብዛም አይስብም። በዚያ ላይ የፊልም መብት ብዙ ጊዜ በጥቅል ስለሚሸጥ፣ ከጣቢያው ጭብጥ ጋር የማይሄዱ ፊልሞች አብረው ይመጣሉ፤ ገንዘብ የወጣበት ደግሞ ሳይታይ አይቀርም።

የሳይንስ ልብወለድ ጣቢያ የነበረው ሳይ ፋይም በ2006 የሬስሊንግ ግጥሚያ ማሳየት ጀምሯል። ኤምቲቪ በ2010 “ሚዩዚክ ቴሌቪዥን” የሚለውን ሐረግ ከአርማው ማንሳቱ ቢያንስ ሐቀኝነት ነው።

ለውጡ ኪሳራ ብቻ አልነበረም፤ “ማድ ሜን” እና “ብሬኪንግ ባድ” የተሰኙት ተከታታይ ድራማዎች የወጡት ከዚያው ከኤኤምሲ ነው። የቆዩ ፊልሞች ወዳጆች ግን ወደ ተርነር ክላሲክ ሙቪስ ዞሩ። በ1994 የተከፈተው ይህ ጣቢያ፣ ቴድ ተርነር በ1986 የገዛውን የኤምጂኤም ነባር የፊልም ክምችት መነሻ አድርጎ፣ ፊልሞችን ሳያቋርጥ ማሳየቱን ቀጥሏል።