ሃይብሪድ መኪና በጣርማበር ቁልቁለትና በመንዝ ብርድ፦ ገዥና አሽከርካሪ ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

የቤንዚን ዋጋ በጨመረ ቁጥር ሃይብሪድ መኪና የሚፈልገው ሰው ይበዛል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለን መኪና ጠብቆ ማቆየት ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል።

ሃይብሪድ በከተማ ውስጥ ምስጋናው ብዙ ነው። ለዒድ ቤተሰቡን ጭኖ ወደ ሸዋ ሮቢት፣ ከሚሴ ወይም ወሎ የሚወርድ፣ ለኒካህ ወይም ለለቅሶ ወደ መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ የሚጓዝ ሰው የሚገጥመው መንገድ ግን የተለየ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ጣርማበርና መሀል ሜዳ ከ3,000 ሜትር ይበልጣሉ። ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ መንገድ መኪናውን የሚፈትኑት አራት ነገሮች ናቸው፦ ቁልቁለት፣ ዳገት፣ ብርድና አቧራ።

ቁልቁለት፦ ባትሪው ሲሞላ ምን ይሆናል?

ሃይብሪድ መኪና ፍሬን ሲያዝ ወይም ቁልቁል ሲወርድ ኤሌክትሪክ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ ባትሪውን ይሞላል። መኪናውንም ይይዛል። ስለዚህ የፍሬን ሸራው በከተማ ውስጥ ረጅም ጊዜ ያገለግላል። ብዙ አሽከርካሪዎች የሚሳሳቱት ይህ በረጅም ቁልቁለትም የሚቀጥል ሲመስላቸው ነው።

ስሌቱን እንመልከት። ከነተሳፋሪውና ከነጭነቱ 1,700 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ከጣርማበር እስከ ሸዋ ሮቢት 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ሲወርድ 8 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ኃይል ይለቅቃል። በብዛት የሚታወቀው የቶዮታ ፕሪየስ ባትሪ ሙሉ አቅሙ 1.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ኮምፒውተሩም ከዚያ ውስጥ ለሥራ የሚያውለው ከፊሉን ብቻ ነው። ስለዚህ ከጣርማበር ዋሻ ወጥተው ደብረ ሲና ሳይደርሱ ባትሪው ይሞላል። ከዚያ በኋላ ኤሌክትሪኩ መኪናውን መያዝ ይቀንሳል፤ ሸክሙ ወደ ተራው ፍሬን ይዞራል። ፍሬኑ ደግሞ በተከታታይ ሲረገጥ ይግላል፣ ዘይቱ ይፈላል፣ መያዝም ያቆማል።

መፍትሔው ከማርሹ አጠገብ «ቢ» ተብሎ የተጻፈው ቦታ ነው። በአንዳንድ ሞዴሎች «ኤስ» ይባላል። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ወደዚያ ያስገቡ። ሞተሩ ከፍ ባለ ድምፅ ሲዞር ቢሰሙ አይደንግጡ፤ ብልሽት አይደለም። ኮምፒውተሩ ሞተሩን ያለ ቤንዚን እያዞረ መኪናውን እንዲይዝ እያደረገው ነው። በሜዳ ላይ ወደ «ዲ» ይመልሱት።

ነዳጅ ለመቆጠብ በፎሌ መውረድ በማንኛውም መኪና አደገኛ ነው፤ በሃይብሪድ ግን እጥፍ ስህተት ነው። በፎሌ ባትሪው አይሞላም፣ ኤሌክትሪኩም መኪናውን አይዝም። ስለዚህ አደጋው ሲጨምር የሚቆጠብ ነገር የለም። የተቃጠለ ሽታ ከሸተተዎት አመቺ ቦታ ላይ ቆመው ታኮ ያድርጉና በራሱ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። በጋለ ዲስክ ላይ ውኃ አያፍስሱ። ከለሚ ወደ ጀማ ሸለቆ ወርዶ ወደ ዓለም ከተማ ለሚሻገርም ምክሩ ይኸው ነው። የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ ሸራው አዲስ ቢሆንም በየሁለት ዓመቱ ማስቀየር ይገባል።

ዳገት፦ አየሩ ሲሳሳ

በ3,000 ሜትር ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ ያጣል። ኤሌክትሪክ ሞተሩ ግን በአየር መሳሳት አይጎዳም። መኪናው ዳገቱን ሲጀምር ጠንካራ ሆኖ ባትሪው ሲያልቅ የሚደክመው ለዚህ ነው። በእርጋታ ይንዱ፤ ቀድሞ ለማለፍ በባትሪው ጉልበት ብቻ አይተማመኑ።

በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ራዲያተሩን ከመፍላት የሚጠብቀው በክዳኑ የሚያዘው ግፊት ስለሆነ ያረጀ ክዳን ይቀየር። አብዛኞቹ ሃይብሪዶች ለሞተሩና ለኢንቨርተሩ ሁለት የተለያዩ የኩላንት ማጠራቀሚያዎች አሏቸው። ብዙ ጊዜ የሚረሳው የኢንቨርተሩ ነው።

ብርድ፦ ትንሹን ባትሪ አይርሱ

በመንዝ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ኩላንት በውኃ መተካት በከተማ ያለፈ ቢመስልም እዚያ ራዲያተር ያሰነጥቃል።

ጠዋት «አልነሳም» የሚል ሃይብሪድ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የትልቁ ባትሪ ሳይሆን የ12 ቮልቱ ነው። እሱ ከደከመ ኮምፒውተሮቹ አይነቁም፤ «ሬዲ» የሚለው መብራትም አይበራም። የሺዎች ብር ሥራ ከማዘዝዎ በፊት መጀመሪያ እሱን ያስመርምሩ። በፕሪየስ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከኋላ የተቀመጠ ስለሆነ ሲቀየር የጋዝ ማስወጫ ቱቦ የሚቀበል ዓይነት መሆን አለበት። ኬብል ሲቀጥሉ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ካሳሳቱ ኢንቨርተሩ ሊቃጠል ይችላል። የጭነት መኪና ለማስነሳትም ሃይብሪድዎን አያውሱ።

አቧራ፦ ከኋላ ወንበር አጠገብ ያለው ቀዳዳ

በብዙ ሃይብሪዶች ትልቁ ባትሪ የሚቀዘቅዘው ከኋላ ወንበር ጎን ባለ የአየር ማስገቢያ ነው። ሻንጣ፣ ብርድ ልብስ ወይም ጆንያ ከደፈነው፣ ወይም ማጣሪያው በገጠር መንገድ አቧራ ከተዘጋ ባትሪው እየጋለ ያረጃል። ዘይት በሚቀየርበት ጊዜ ሁሉ ማጣሪያውን ማስጸዳት ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው።

መንገድ ላይ ሲቆም

ቤንዚን ደብረ ብርሃን ላይ ሞልተው ይነሱ። ነዳጅ ካለቀ በኋላ በባትሪ እየገፉ መሄድ ትልቁን ባትሪ ይጎዳል፤ ተራ ቻርጀርም አይሞላውም። የፊት ጎማ የሚነዳው ሃይብሪድ የፊት ጎማዎቹ መሬት እየነኩ አይጎተትም፤ በተሸካሚ መኪና ይጫን ወይም ፊቱ ይነሳ። ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸው ገመዶች ከ200 ቮልት በላይ ስለሚሸከሙ ያልሠለጠነ ሰው አይንካቸው።

የቅንጦት መኪና ያላችሁ ደግሞ ሁለት ነገር ጨምሩ። ስስ ጎማ በጠጠር መንገድ ቶሎ ስለሚቀደድ ትርፍ ጎማ መኖሩን አረጋግጡ። የአየር ሶስፔንሽን ካለውም ከጉዞው በፊት አንድ ሌሊት አቁማችሁ ጠዋት ዝቅ ብሎ ካደረ አስመርምሩ።

ሲገዙና ሲሸጡ

ከመግዛትዎ በፊት በስካነር የእያንዳንዱን የባትሪ ክፍል ቮልቴጅ በጭነት ላይ ሆኖ ያስለኩ። ከዚያ ወደ እንጦጦ ወጥተው ይውረዱ። የባትሪው ምልክት በጥቂት ደቂቃ ሞልቶ ወዲያው የሚያልቅ ከሆነ ባትሪው ደክሟል። ከተበላሸው አንዱን ክፍል ብቻ በአሮጌ መተካት መብራቱን ለጊዜው ያጠፋ ይሆናል እንጂ ዕድሜ አይሰጥም፤ ሌሎቹም ይከተላሉ።

ሻጭ የሆነ ሰው ይህን እያወቀ መብራቱን አጥፍቶ ቢሸጥ የደበቀው ዐይብ ነው። በሸሪዓችን የሻጩ ግዴታ ነውሩን መግለጽ ነው፤ ገዥውም ተደብቆበት ሲያገኘው ዕቃውን የመመለስ መብት አለው። እዚህ ላይ ደግሞ ጉዳዩ ከገንዘብ ያልፋል። መኪናውን የሚገዛው ሰው ነገ ልጆቹን ጭኖ ጣርማበርን ይወርዳልና።

አላህ መንገዳችሁን ሰላም ያድርግላችሁ።