የድፎ ዳቦ ታሪክ፤ ከጭላሎ እስከ ስቶክሆልም

የኢትዮጵያና የስዊድን ግንኙነት በተነሣ ቁጥር ወጋችን የሚጀምረው ከወታደሩ ነው። የሆለታው ጦር ትምህርት ቤት፣ የክብር ዘበኛ መኮንኖች ሥልጠና፣ የአየር ኃይሉ ምሥረታ፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ጎዴ ላይ የተገደለው ካውንት ካርል ጉስታቭ ቮን ሮዘን፤ እነዚህ ሁሉ በብዙዎቻችን ዘንድ የታወቁ ናቸው። የሁለቱ አገሮች ታሪክ ግን በዳቦም ውስጥ ያልፋል። ይህኛው ክፍል ብዙም ስላልተጻፈለት ጥቂት ማለት ተገቢ ይመስለኛል።

እዚህ ስቶክሆልም፣ በሪንከቢም ይሁን በሺስታ፣ የወገኖቻችን ክርስትና፣ ማኅበርና እንቁጣጣሽ ድፎ ዳቦ ሳይቆረስበት አያልፍም። አገር ቤት ሊጡ ኮባ በተነጠፈበት ምጣድ ላይ ይገለበጣል፣ በኮባ ይሸፈናል፣ ሌላ ምጣድ ይደፋበትና በላዩ እሳት ይደረግበታል። እዚህ ምጣዱን የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ኮባውን የመጋገሪያ ወረቀት ወይም ከእስያ ሱቅ የተገዛ የሙዝ ቅጠል፣ የቤቱን እርሾ ደግሞ ባለ 50 ግራሙ የሱቅ እርሾ ተክተውታል። ጥቁር አዝሙዱ ግን ዛሬም ከአገር ቤት በሻንጣ ይመጣል።

በዚህ ምክንያት በየድግሱ የማይጠፋ ክርክር አለ። አንዱ ወገን «ያለ ኮባ ድፎ ዳቦ የሚባል ነገር የለም» ይላል፤ ሌላው «ስሙና አዝሙዱ ካለ ይበቃል» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ሳይመረምሩ የሚቀበሉት አንድ ነገር አለ፤ አገር ቤት የቀረው ዳቦ ከጥንት ጀምሮ ሳይለወጥ ቆይቷል የሚለውን። ታሪኩ ይህን አይደግፍም።

የስደት ዳቦ ክርክር የእኛ ብቻም አይደለም። አየርላንዳውያን በሶዳና በአሬራ የሚጋግሩትን ዳቦ የአያት የቅድመ አያት ውርስ አድርገው ያዩታል። ይሁንና የመጋገሪያ ሶዳ ወደ ቤታቸው የገባው ከ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። የአገራቸው ስንዴ ለስላሳ በመሆኑ በእርሾ እምብዛም አይነሣላቸውም ነበር፤ የአሬራው ኮምጣጣነት ከሶዳው ጋር ሲገናኝ ግን ሊጡ ወዲያው ይነፋል። ምድጃ የሌለው ገበሬ በብረት ድስት እየጋገረ ክዳኑ ላይ ፍም ይከምርበት ነበር፤ ልክ እንደ ድፏችን ከላይም ከታችም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1845 ከጀመረው ታላቅ ረሃብ ሸሽተው አሜሪካ የገቡት ወገኖቻቸውና ልጆቻቸው ከጊዜ በኋላ ዘቢብና ስኳር ጨመሩበት። «ዘቢብ የገባበት የእኛ አይደለም» የሚለው ሙግት ዛሬም አልበረደም። አንዱ ትውልድ እንደ አዲስ ነገር የተቀበለውን የልጅ ልጁ ጥንታዊ ብሎ ይሟገትለታል።

ወደ እኛ እንመለስ። ስንዴ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 አገራችንን በጎበኘ ጊዜ በስንዴያችን ዓይነት ብዛት ተደንቋል። ሆኖም ያ ነባር ስንዴ በአብዛኛው ፓስታ ከሚሠራበት ከዱረም ወገን ነው። ዛሬ በብዛት የምንጋግረው የዳቦ ስንዴ በሰፊው የተስፋፋው በ20ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ፣ በምርጥ ዘርና በማዳበሪያ ነው። ከተስፋፋባቸው ዋና ዋና ቦታዎች አንዱ አርሲ ሲሆን፣ ለዚያ ሥራ ገንዘብና ባለሙያ ያቀረበችው ስዊድን ነበረች።

እ.ኤ.አ. በ1967 የስዊድን የልማት ድርጅት ሲዳና የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በጭላሎ አውራጃ፣ መቀመጫው አሰላ የሆነ፣ ካዱ በሚል አጭር ስም የሚታወቀውን የእርሻ ልማት ድርጅት አቋቋሙ። ዓላማው አነስተኛውን ገበሬና ጭሰኛውን መርዳት ነበር። ምርጥ ዘር ታደለ፤ ማዳበሪያ በብድር ቀረበ፤ የገበያ ማእከሎች ተከፈቱ፤ የስንዴው ምርትም አደገ። መሬቱ ግን የጭሰኛው አልነበረም። ስንዴ አትራፊ መሆኑን ያየ ባለርስት ትራክተር አስገባ፤ ወይም መሬቱን ትራክተር ላለው አከራየ። ሲሶ ወይም እኩል እየከፈለ ያርስ የነበረው ጭሰኛ በየቦታው ተፈናቀለ። እርሱን ለመርዳት የመጣው ልማት እርሱኑ ነቀለው።

ስዊድናውያኑ ይህን አላዩም ማለት አይቻልም። ጭሰኛው በሕግ ዋስትና እንዲያገኝ መንግሥትን ወትውተዋል፤ ረቂቁ ሕግ ግን ባለርስቶች በሚበዙበት ፓርላማ ሳይጸድቅ ቀረ። ሚካኤል ስቶል የተባለው ስዊድናዊ ተመራማሪም እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ በእርሻ ልማቱ ውስጥ የነበረውን ፖለቲካዊ ተቃርኖ መርምሯል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ታወጀ። ካዱ በፈረንጆች 1967፣ አዋጁ በእኛ 1967፤ በሁለቱ መካከል ያለው ሰባት ዓመት ከመንፈቅ ለጭላሎ ጭሰኛ ረጅም ጊዜ ነበር።

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ይህን ማንሣቴ ዳቦውን ለማራከስ አይደለም። ዛሬ ስቶክሆልም ላይ ከአንድ ዳቦ የሚቆርሱት የባለርስቱ ልጅ፣ የጭሰኛው ልጅና በተማሪነቱ «መሬት ለአራሹ» እያለ የተሰለፈው ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። ሦስቱም «የእናቴ ዳቦ» ይላሉ። ከሦስቱ እናቶች አንዷ ዳቦውን የምታስጋግር፣ ሌላዋ በሰው ቤት የምትጋግር፣ ሦስተኛዋ ስንዴውን አምርታ ለበዓል ብቻ የምትቀምሰው ልትሆን ትችላለች። ድፎ ዳቦን እንደማይለወጥ ቅርስ ብቻ ስናወድሰው ይህ ልዩነት ከታሪካችን ይፋቃል። ስለ ኮባው የምንከራከረውን ያህል ስለ ስንዴው ተከራክረን አናውቅም።

ጊዜውም እየመሸ ነው። ሙያውን ከአገር ቤት ይዘው የመጡት እናቶች እያረጁ ነው። ልክ ሲጠየቁ መልሳቸው «ሊጡ ሲበቃው ታውቂዋለሽ» ነው። የስዊድን ወጥ ቤት ደግሞ ዱቄትን በዴሲሊትር ይሰፍራል። ሁለቱን ማስታረቅ አይከብድም፤ እናት ታቡካ፣ ልጅ ትስፈር። ስንት ዴሲሊትር ዱቄት ገባ? ውሃውስ? ሊጡ ስንት ሰዓት ቆየ? ምድጃው ስንት ዲግሪ ነበር? ይህ ሁሉ ይጻፍ። ከዚያው ገጽ ሥር ግን ሌሎች ጥያቄዎችም ይስፈሩ። ልጅ ሳለሽ ዱቄቱ ከየት ይመጣ ነበር? መሬቱ የማን ነበር? ማን ያርሰው ነበር? ምጣዱ ላይ ፍም የምትከምረውስ ማን ነበረች?

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ልጆቻችን በወረቀት ላይ ጋገሩት ብለን ድፎ ዳቦ ይጠፋል የሚል ስጋት የለኝም። የሚያሰጋው ልኩን ወርሰው ታሪኩን ሳይወርሱ መቅረታቸው ነው። የስንዴውን ባለቤትና አራሽ ያወቀ ልጅ የአገሩን የመሬት ጥያቄ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።