የቀጥቃጮች ምድጃ በማግኔት ዓይን

በምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በያዮ፣ የድንጋይ ከሰሉ የሚገኘው በባዛልት ንብርብሮች መካከል ነው፤ ማግኔት ሲቀርባቸው ግን ጠባያቸው ይለያያል። ንጹሕ ከሰል በጥቂቱ ይገፋል፤ ባዛልቱ በውስጡ ባለው ማግኔታይት ምክንያት ይሳባል። ይህ ልዩነት ከጂኦሎጂ አልፎ ለታሪክም ማስረጃ ይሆናል እላለሁ። በዚሁ በምዕራብ ኢትዮጵያ ብረት ያነጥሩና ይቀጠቅጡ የነበሩት ባለሙያዎች፣ በኦሮምኛ ቱምቱ የሚባሉት፣ ሙያቸው ተፈልጎ እነሱ ግን ተንቀው ኖረዋል፤ ስለዚህ በጽሑፍ የቀረላቸው ጥቂት ነው። መሬቱ ግን አልረሳቸውም። ሂማታይት ያለበት ቀይ ድንጋይ ለማግኔት ደካማ ምላሽ ይሰጣል፤ በእንጨት ከሰል እሳት ተነጥሮ የሚወጣው ብረት ግን በብርቱ ይሳባል። የምድጃው ጭቃም ከ580 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ግሎ ሲበርድ፣ በውስጡ ያለው ማግኔታይት የዚያን ዘመን የምድር ማግኔታዊ መስክ አቅጣጫ ይዞ ይቀራል።

ባዛልቱ ራሱ ማግኔታዊ ስለሆነ የምድጃውን ምልክት ይሸፍነዋል የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ተቃውሞው እውነት አለው፤ መለኪያ መሣሪያ ብቻውን አይበቃም። ሆኖም የምድጃ ምልክት ጠባብ ቦታ ላይ የሚጎላ ነው፤ የብረት አር በቁፋሮ ከተገኘ ደግሞ ጥርጣሬው ይቀላል። የያዮ የቡና ጫካ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል። ጫካው ጥበቃ እንዳገኘ ሁሉ፣ የቀጥቃጮቹም ምድጃ ቦታው ሳይታረስ ይፈለግ።