የበረት ውሻ በሀብሩና በወልድያ ዙሪያ

በሰሜን ወሎ ከወልድያ በስተደቡብ የሚገኘው የሀብሩ ወረዳ በምዕራብ ወደ ደጋው እየወጣ በምሥራቅ ወደ አፋር ቆላ የሚወርድ አገር ሲሆን፣ በመርሳ፣ በውርጌሳና በስሪንቃ ዙሪያ የሚኖረው ገበሬ ማሽላና ጤፍ እያረሰ ከብትም ሲያረባ ኖሯል። በስኮትላንድና በእንግሊዝ ወሰን መንጋ እየከበበ የሚነዳ ውሻ ለረጅም ዘመን እየተመረጠ ሲረባ፣ በሰሜን ወሎ ግን መንዳቱ የልጅ እረኛ ድርሻ ሆኖ በመቆየቱ፣ ለውሻው የተተወለት ሥራ በረትን፣ ማለትም ከብቱ የሚያድርበትን አጥር ግቢ፣ ሌሊት መጠበቅ ነው።

ይህ ውሻ በመዝገብ የሰፈረ የዘር ሐረግ የለውም። ቁመቱ መካከለኛ፣ ጠጉሩ አጭር፣ መልኩም አብዛኛውን ጊዜ ቡላ ወይም ቀላ ያለ ነው፤ መራባቱ በሰው ቁጥጥር ሥር ስላልሆነ የሚተርፈው በጥቂት ምግብ የሚጸና ብቻ ነው። ጅብን ብቻውን ሊቋቋም ስለማይችል ዋናው ጥቅሙ ጩኸቱ ነው፤ ባለቤቱም ለመንገደኛ የሚጮኸውን ጩኸት፣ ውሻው ወደ በረቱ እያፈገፈገ ሳያቋርጥ ከሚያሰማው ለይቶ ያውቃልና፣ ይህን ሁለተኛውን ሲሰማ ዱላና ችቦ ይዞ ይወጣል።

የበረት ጥበቃ ታሪክ ከከብቱ ዕጣ ተነጥሎ አይታይም። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት ደስታ በሽታ አብዛኛውን የአገሪቱን ከብት ፈጅቶ እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀውን፣ ክፉ ቀን የተባለውን ረሃብ ሲያስከትል፣ በረቶች ባዶ ቀርተዋል፤ አውሬውም በሰው ላይ መዳፈሩን የዘመኑ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ጠባቂ ከምንጊዜውም በላይ ባስፈለገበት በዚያ ወቅት ውሻን የሚቀልብ አቅም ያለው ቤት ጥቂት እንደነበረ መገመት አያዳግትም።

ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተጎራብቶ በሚኖርበት በዚህ አገር ውሻ ከቤት ውጭ የሚያድር እንስሳ ነው። በሻፊዒ መዝሀብ፣ ማለትም ከአራቱ የእስልምና የሕግ መንገዶች በአንዱ፣ የውሻ ልጋግ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ ከእነዚህም አንዱን በአፈር፣ እንዲታጠብ ታዟል፤ ሆኖም የነቢዩ ንግግር የሆነው ሐዲስ ለመንጋ፣ ለአዝመራና ለአደን የሚያዘውን ውሻ ስለሚፈቅድ፣ የሙስሊሙ በረት ያለ ጠባቂ አልቀረም። ክርስቲያኑም ውሻ ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር እንዳይገባ እየከለከለ በግቢው ያሳድረዋል።

አያያዙ ከማዕድ በተረፈ እንጀራና በአጓት፣ ማለትም አይብ ከወጣለት በኋላ በሚቀረው ውሃ፣ ላይ የቆመ ነው። ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው ግን በፋሲካና በአረፋ ዕርድ ጊዜ የሚደረገው ነው፤ ውሃ የቋጠረ ሳንባ ወይም ጉበት ጥሬውን ሲጣልለት የትል እጭ በአንጀቱ ያድጋል፣ ዕንቁላሉም በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ሣሩን ይበክልና ወደ ከብቱ፣ በእጅና በምግብም ወደ ሰው ይደርሳል። እንዲህ ያለውን ብልት ማቃጠል ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጉድጓድ መቅበር ይህን ዑደት ይቆርጠዋል። የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል፤ ከውሻ ጋር አብሮ የሚውል እረኛ ሲነከስ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብና ለክትባት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ግድ ነው። ከአካባቢው ውሾች 70 በመቶው በየጊዜው ቢከተቡ የበሽታው መተላለፍ ይቋረጣል። ይህም በዚሁ ሰሜን ወሎ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ለሚኖረው ቀይ ቀበሮ ይጠቅማል፤ በባሌ የእረኞች ውሾች ያዛመቱት ይኸው በሽታ ብዙ ቀበሮዎችን ፈጅቷልና።